ምላሱን ያወጣ አሸንዳ

አሸንዳ ሠሪው ሐድጉ የማይጸየፈውን ነገር ለመፈለግ የተነሳ ሰው ልደታን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስሶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ በፈላ ውሃ ካልተለቀለቀ አይነካውም። ታክሲ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ካስነጠሰ «ወራጅ!» ብሎ ይወርድና እስከ አብነት በእግሩ ይኳትናል። አንድ ጊዜማ ዝንብ ባርኔጣው ላይ ብታርፍበት፣ «በይ እንግዲህ ያንቺ ነው» ብሎ ባርኔጣውን ለዝንቧ አስረክቦ ሄደ ይባላል። ውሸት ነው የሚል ካለ፣ ሐድጉን ባርኔጣ አድርጎ ያየ ሰው ይዞ ይምጣ።

የሚገርመው ሥራው ነው። በጋውን ቆርቆሮ እየቆረጠ፣ እያጠፈ፣ ጠርዙን እንደ ቀሚስ ጥልፍ እየሸነሸነ ለሰው ጣሪያ አሸንዳ ሲሠራ ይከርማል። ክረምት ሲገባ ደግሞ መሰላል ተሸክሞ የተደፈነ አሸንዳ ሊጠርግ ይዞራል። እጁን እስከ ክርኑ ይከትና የበሰበሰ ቅጠል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ካልሲ፣ ሆዱ ያበጠ አይጥ በጭራው መዞ ያወጣል። ያኔ አፍንጫውን እንኳ አይዝም። «ጋሽ ሐድጉ፣ ይሄስ አያስጠላዎትም?» ያለው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ይሄማ ሥራ ነው።»

እንግዲህ በሁለት ሺህ አምስት ሐምሌ፣ ባቡር ይመጣል ተብሎ ከሜክሲኮ እስከ ልደታ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ሰው በጭቃ እንደ ዳክዬ በሚንቦጫረቅበት ሰሞን፣ አንድዬ ልጅህን ለእንግሊዛዊ ዳር ተብሎ ሽማግሌ የተላከበት ይህ ሰው ነው።

ልጁ ማዕዛ እንግሊዝ አገር ሽማግሌና አሮጊት በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ለክረምቱ ስትመጣ ክላይቭ የሚሉትን ሰው ይዛ መጣች። እሷ አባቷ ቤት አረፈች፤ እሱ ሜክሲኮ አጠገብ ሆቴል ያዘ። እናትየው ፀሐይቱ ነገሩን ለባሏ ስትነግረው፣ ሐድጉ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሰውነቱን ይታጠባል?» የሚል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ደረሱ። አንደኛው አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ የእድር ዳኛ፣ ድምፃቸው በርሜል ውስጥ የሚናገሩ የሚመስል። ሁለተኛው ከሊፋ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤት፣ በር በያጅ። ከሊፋ በወጣትነቱ የፈረንጅ ግቢ ዘበኛ ስለነበር እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ አስተርጓሚም ሽማግሌም ሆኖ ተመረጠ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ብቻ አንዲት እውነት ከአፉ ልትወጣ ስትል፣ መንገድ ላይ ብቻዋን እንዳትፈራ ብሎ አሥር ውሸት አጅቦ ነው የሚልካት።

ከሁለቱ ኋላ ክላይቭ ራሱ ገባ።

«ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል እንዴ?» አለ ሐድጉ።

«እዚህ ዘመድ የለውም» አለ ከሊፋ። «የራሱ ዘመድ ሆኖ ነው የመጣው።»

ክላይቭ ረጅም፣ ቀይ፣ አንገቱ እንደ ተላጠ ዶሮ የተቆጣ ሰው ነው። ሰላም ለማለት ጎንበስ ሲል አምፖሉን በግንባሩ መታው። አምፖሉ ተወዛወዘ፤ የሁሉም ጥላ ግድግዳው ላይ ሲጨፍር ቆየ።

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። «የመጣንበትን ሳንናገር ወንበር አይነካንም። ሐድጉ፣ ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

ሐድጉ ያንን ቀይ አንገት አየ። «ልጃችሁ? በማን ወጣ?»

«በአያቱ» አለ ከሊፋ ዓይኑን ሳያሽ።

«እሺ። ሥራው ምንድን ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን አለው።»

«ቄስ ነው?»

«ቄሱማ ተቀጣሪ ነው! እሱ ባለቤቱ ነው። ስምንት መቶ ዓመት የሆነው የገጠር ቤተ ክርስቲያን።» ከሊፋ ወደ ክላይቭ ዞሮ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ክላይቭ ኪሱን በርብሮ የበግ ቅልጥም የሚያህል የብረት ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይኸውልህ። ድንጋዩን የጠረበው የአያቱ አያት ነው። በጥርሱ።»

«ከሊፋ!» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

«በጥርሱ ባይሆን በመሮ ነው። ድካሙን ለማሳየት ነው እንጂ። ደወሉ ሲደወል ደግሞ በሦስት ወረዳ ያለች ላም ሁሉ ሳትታለብ ወተቷን ትለቃለች። ልጆቻችሁ ቀለበት የሚያስሩት እዚያ ውስጥ ነው፤ ተመስገን በል!»

ሐድጉ ቁልፉን ዝገቱን አይቶ አልነካውም። ክላይቭ ግን ገና መጀመሩ ነበር፤ ከቦርሳው የፎቶ አልበም አወጣ። አማቱን የሚያስደስት መስሎት እኮ ነው፣ ምስኪን።

የመጀመሪያው ፎቶ ደግ ነበር። አረንጓዴ መስክ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ አራት ማዕዘን የደወል ግንብ። ዙሪያውን የመቃብር ድንጋዮች ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ተጋድመው፣ ግቢው የአሮጊት ድድ ይመስላል። ሁለተኛው የውስጡ ነው። ሰዎች ቆመው ይዘምራሉ፤ ከእግራቸው ሥር ወለሉ ላይ ጽሑፍ አለ።

«ይሄ የተጻፈው ምንድን ነው?»

ከሊፋ ጠየቀ፤ ክላይቭ ፊቱ በርቶ አብራራ። «መቃብር ነው» አለ ከሊፋ። «የጥንት መኳንንቶቻቸው ከወለሉ ሥር ተኝተዋል። ሕዝቡ ላያቸው ላይ ቆሞ ይዘምርላቸዋል።»

«ጫማውን እንዳደረገ?»

«ቡትስ ነው የሚያደርጉት። አገሩ ጭቃ ነው።»

ሐድጉ የልደታ ማርያም ቅጥር ውስጥ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ የሚይዝ ሰው ነው፤ የሌላ ሰው ጫማ እንዳይነካበት። ገጹን ራሱ ገለጠ። መንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ።

«ይሄ የጧፍ ሰም ነው መቼም።»

«የሌሊት ወፍ ነው። ማለቴ የእሷ… ያው ገብቶሃል። ጣሪያው ውስጥ ይኖራሉ። ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ የነካቸው ይታሰራል። ጸሎት ሊጀመር ሲል ይጠረግላቸዋል።»

«ማነው የሚጠርገው?»

ከሊፋ በኩራት ወደ ክላይቭ ጠቆመ። ክላይቭ ስሙ የተነሳ መስሎት ፈገግ አለ። ሐድጉ ወንበሩን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳበ።

ቀጥሎ አንገታቸው የተቆረጠ የድንጋይ ቅዱሳን መጡ። በጥንት ዘመን የንጉሥ ሰዎች ጭንቅላታቸውን በመዶሻ አርግፈው፣ የግድግዳውን ሥዕል በኖራ ለቅልቀውት ሄዱ ተባለ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ አንድ ጠባብ ቀዳዳ መጣ፤ ድሮ ለምጻሞች ውጭ ቆመው ቅዳሴውን ያዩበት ነበር አሉ። ከደወሉ ግንብ ሥር ደግሞ ሻይ ማፍያና ሽንት ቤት መጣ።

«ሽንት ቤት! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ?»

«ሙቅ ውሃ ያለው» አለ ከሊፋ፣ ነገሩን ያሻሻለ መስሎት።

ሐድጉ ምራቁን አንዴ ዋጥ አደረገ፤ ደግሞም ዋጠ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ከጣሪያው ጠርዝ አንድ የድንጋይ ፍጡር አንገቱን አስግጓል። ዓይኑ ፈጦ፣ ጆሮው እንደ አሳማ ተንጠልጥሎ፣ ምላሱን እስከ አገጩ አውጥቷል። ከአፉ አረንጓዴ ውሃ ይተፋል። አረንጓዴው አተላ በግድግዳው ላይ እስከ ታች ወርዷል።

«ይሄስ ሰይጣን?»

«አሸንዳ ነው» አለ ከሊፋ።

ሬሳ መርገጡ፣ የወፍ ኩሱ፣ ሽንት ቤቱ አንድ ነገር ነው። ሐድጉ ግን ዕድሜውን ሙሉ ውሃን በጨዋ ደንብ፣ ሳይጮህና ሳይረጭ፣ ከጣሪያ ወደ መሬት ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። አሁን በሸመገለበት አሸንዳ የተባለ ሰይጣን በተሳላሚው አናት ላይ ሲያስመልስ አየ። ምራቁ አፉን ሞላው። በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ትፍ አለና ዞረ።

«ልጄን አልሰጥም! አለቀ። እዚህ አረንቋ ውስጥ ልጄ አትገባም። ውጡልኝ ከቤቴ!»

አቶ ወልደአማኑኤል በደስታ ጉልበታቸውን መቱ። «ይበል! ይበል! አባት ማለት እንዲህ ነው!»

«የምሬን ነው።»

«እንዴታ! ሴት ልጅ በአንድ ቀን ትሰጣለች እንዴ? ለመቼ እንመለስ?»

«አትመለሱ!»

«የዛሬ ሳምንት ማለቱ ነው» አለ ከሊፋ፤ ለክላይቭም በእንግሊዝኛ አንሾካሾከለት። ክላይቭ ፊቱ እንደ ፀሐይ ፈካ። የሐድጉን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ የሚያውቃትን ብቸኛ የአማርኛ ቃል አወጣት። «አመሰግናለሁ!»

ሐድጉ ያንን እጅ የጨበጠ እጁን በኦሞ ሲያጥብ፣ ፀሐይቱ ፎጣ ይዛ ከኋላው ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አኮራኸኝ። ‹ውጡልኝ› ስትል እኮ አባቴን መሰልከኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የምሬን ነው እያልኩሽ!»

«አባቴም የምሩን ይመስል ነበር። አንተ ላይ ውሻ ለቆ ነበር እኮ፤ ረሳኸው?»

ለነገሩ ሐድጉ አንድ መጽናኛ ነበረው። ይህን ሁሉ ያወራው ከሊፋ ነው። የከሊፋ ወሬ ደግሞ እንደ ርካሽ ቀለም ነው፤ ዝናብ ሲመታው ይለቃል። እውነቱን የምታውቀው ማዕዛ ናት። ግን አባት በገዛ ጋብቻዋ ነገር ልጁን ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ልጅም አትመልስም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ሐድጉ ሳሎን ተቀምጦ ፀሐይቱን ወደ ጓዳ ላካት። የመጋረጃው ውፍረት ብቻ እኮ ነው የሚለያቸው። ግን ደንብ ደንብ ነው።

ፀሐይቱ ተመልሳ መጣች። «ቤተ ክርስቲያኑ የእሱ አይደለም።»

«እሰይ! አላልኩሽም? ውሸታም!»

«አያቱም ድንጋይ አልጠረቡም፤ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ደወሉንም የሚሰማው ከመንደሩ ውጭ ማንም የለም። ክላይቭ የተማሪዎች አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ቤተ ክርስቲያኑን በነጻ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይጠርጋል። ሌላ የሚጠርግ ሰው ስለጠፋ ነው አለች።»

«መቃብሩስ?»

ፀሐይቱ ነጠላዋን አስተካከለች። «መቃብሩ እውነት ነው።»

«የሌሊት ወፉ?»

«እውነት ነው። ሽንት ቤቱም። አንገት የሌላቸው ቅዱሳንም። ያ ምላሱን ያወጣውም።»

ሐድጉ አንገቱን ደፋ። ከሊፋ ሲያሞግስ ዋሽቷል፤ የሚያስጠላውን ግን አንዱንም አልጨመረበትም። በዕድሜው እውነት የተናገረው አንድ ቀን ነው፣ እሱም ይሄን!

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሐድጉ በዚህኛው ቀን ቃላቱን አልቆጠበም። «ውሻ የበላበትን ድስት እጠርጋለሁ እንጂ፣ ለዚህ ሰው ልጄን አልድርም! ከመቃብር ላይ ዘማሪ! የወፍ ኩስ ጠራጊ!» አለ። አቶ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «በዚህ ዘመን እንዲህ እምቢ የሚል አባት አለ ማለት ነው» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ክላይቭ ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ» አለ፤ አምፖሉን መታው።

ወሬው ከአብነት አልፎ ኮንዶሚኒየሞቹ ደረሰ። የሐድጉ እምቢታ የተወራለትን ያህል ስንቱ ሠርግ አልተወራለትም። ሴት ልጅ ያላቸው አባቶች ግቢ ውስጥ ተሰብስበው «‹ውጡልኝ›ን እንዴት ነው የሚላት? ከአንገቱ ነው ከሆዱ?» ይባባሉ ነበር አሉ። አንዱማ መስተዋት ፊት ሲለማመድ ሚስቱ እሷን ያባረራት መስሏት ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ሐድጉ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሳለታል። እሱ ደግሞ በእያንዳንዱ ሰላምታ እንደ ሬት ይመረዋል። «የምሬን ነው ጎበዝ» ሲል፣ «እናውቃለን፣ ጋሼ» ይሉና ይጣቀሳሉ።

ሐድጉ ወጥመድ ውስጥ እንዳለ የተረዳው ያኔ ነው። ሦስተኛ የመጣ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። እንዲህ ከሆነ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ በሙሽራው ላይ ነውር ማውጣት። እውነተኛ ነውር ከወጣ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ አይመለስም። ሐድጉ አሰበ፤ አገኘም። እጁ! የሌሊት ወፍ ኩስ የሚጠርግ፣ የመቃብር አቧራ የሚያራግፍ እጅ ልጄን አይነካም። ይህን ረጋ ብሎ፣ ሳይጮህ ለመናገር ቆረጠ። እስከ ዛሬ የተበላሸው በመጮኹ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ሰማዩ ጥቀርሻ መስሎ ነጋ። ፀሐይቱ ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። በዚህ ጠዋት አትስቅም።

«ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ እህል በወጉ አልቀመሰችም። እኛ ሁላችን ወግ ነው ስንል፣ የምርህን እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ናት። ‹አባዬ ዛሬም እምቢ ካለ እተወዋለሁ፤ የአባቴን እርግማን ይዤ ባሕር አልሻገርም› አለችኝ።»

ሐድጉ ይኸው ያሸነፈ ሰው ነው እንግዲህ። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ያበቃል። ግን ጉሮሮው ውስጥ የተደፈነ ነገር ያለ መሰለው፤ አሸንዳ ቢሆን እጁን ከትቶ ባወጣው።

ሽማግሌዎቹ ከዝናቡ ጋር አብረው ገቡ። ዝናብ ቢሉት ዝናብ አይደለም፤ ሰማዩ ባልዲውን ከእነ እጀታው ነው የወረወረው። ክላይቭ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ፣ በጭቃ የበሰበሱ ካልሲዎቹን ደግሞ ገፎ፣ በባዶ እግሩ ገባ። ማን እንደነገረው አይታወቅም። እግሩ ከፊቱ የባሰ ቀይ ነው። ሐድጉ አየና ዓይኑን አዞረ።

«ይሄ ሦስተኛችን ነው» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል።

ሐድጉ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጸጥታ ልናገር ነው፤ ስሙኝ። እኔ በዚህ ሰው ላይ ያገኘሁት ነውር—»

ጠብ።

አቶ ወልደአማኑኤል ትከሻቸውን ነካኩ። ሁሉም ቀና አሉ። እዚህ ላይ ሐድጉ ለነፍስ አባቱም ያልነገረው አንድ ገበና አለ፤ የአሸንዳ ሠሪው ቤት ያፈሳል። የፊት ለፊቱ አሸንዳ ለደንበኛ ማሳያ ስለሆነ እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙኗል። የኋለኛው ግን በዝገት ተበልቶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ወደ ኮርኒሱ ይመለሳል። «ነገ እሠራዋለሁ» እያለ ማዕዛ ለአካለ ሄዋን ደረሰች።

ጠብ። ጠብ ጠብ። ከሊፋ አፉን ከፈተ፤ ለወር የሚበቃ ወሬ አግኝቷል። ሐድጉ በሐፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

ክላይቭ ከተቀመጠበት ተነሳ። በሩ ጥግ የነበረውን ባዶ የዘይት ጣሳ አነሳ፤ ሽማግሌውን በክብር ወደ ጎን አስጠጋቸውና ጣሳውን ከጠብታው ሥር አኖረው። ቃ! አለ ጣሳው። ቃ! ክላይቭ ከደረት ኪሱ መሃረቡን አወጣ፣ በአራት አጠፈው፣ ጣሳው ውስጥ አነጠፈው። ድምፁ ጠፋ። ተመልሶ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ማንንም አላየም፤ አልሳቀም።

ሐድጉ ጣሳውን ተመለከተ። ስንት ክረምት ያንን ቃ ቃ ሲሰማ ሲገላበጥ አድሯል። ጨርቅ ማንጠፍ ግን አንድ ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

«ይሄን የት ተማረ? ጠይቅልኝ።»

ከሊፋ ጠይቆ ተረጎመ። «ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው። ጣሪያው የለበሰውን የእርሳስ ብረት ሌባ ገፎ ወሰደባቸው። ሲዘንብ በየወንበሩ መሃል ባልዲ ይደረደራል። ድምፁ ጸሎት እንዳይረብሽ ውስጡ ጨርቅ ያነጥፋሉ።»

«እርሳስ ባይኖርስ? አሸንዳቸው ምን ሆነ? ያ… ያ ምላሱን ያወጣው?»

«ጉሮሮው ይደፈናል አለ። ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። በኖራ የለቀለቁትን ሥዕል እርጥበቱ ልጦት የአንድ ቅዱስ ፊት ብቅ ብሏል። እሱንም እንዳያጠፋባቸው ፈርተዋል።»

«ማን ያጸዳዋል?»

«እሱ ነዋ።»

«በምን?»

«በወርቅ—»

«ከሊፋ» አለ ሐድጉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ አንዲት ውሸት ብትጨምር እዚህ ጣሳ ውስጥ ነው የምከትህ።»

ክላይቭ ግን ጥያቄው ያለ አስተርጓሚ ገብቶታል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። በግራ እጁ መሰላል እንደሚይዝ ሰው አየር ጨበጠ፤ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ምላሱን አውጥቶ የድንጋዩን ፊት ሆነ፤ ቀጥሎ ቀኝ እጁን ወደዚያ አፍ ከተተ። ቆፈረ። ፊቱን አጨማደደ። አንድ ነገር በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ቀስ ብሎ ሳበ፤ ከፊቱ አርቆ አንጠለጠለው። በሌላው ክንዱ እንደ ክንፍ ሁለት ጊዜ አርገበገበ።

«እርግብ» አለ ከሊፋ። በዕድሜው የተናገራት አጭሯ ዓረፍተ ነገር ናት።

«የሞተች?»

«የከረመች።»

የሐድጉ ሆድ እንደ ልማዱ ሊገላበጥ ተነሳና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሽታው መጣበት፤ ያ እርጥብ፣ ጣፋጭ፣ የተረገመ ሽታ። ያንን ሽታ በዚህ ቤት ውስጥ ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። የራሱን እጅጌ ሰበሰበ። ጠባሳ የሞላውን ክንዱን ዘርግቶ አየሩ ውስጥ ከተተ፣ ፈለገ፣ መዘዘ፤ በጭራው አንጠለጠለ። «እኔ አይጥ» አለ። ክላይቭ ራሱን ነቀነቀ፤ እጁን ከሆዱ ፊት አድርጎ ማበጡን አሳየ። ሐድጉም ነቀነቀ። አቶ ወልደአማኑኤል ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

«አያስጠላህም ወይ በለው።»

ከሊፋ ጠየቀ። ክላይቭ ትከሻውን ሰብቆ አጭር መልስ መለሰ። ከሊፋ ሐድጉን አፍጥጦ አየው።

«ምን አለ?»

«ይሄማ ሥራ ነው አለ።»

ሐድጉ በጥርጣሬ ጎረቤቱን አየው። ይህች የእሱ ቃል ናት፤ ሰፈር ሁሉ ያውቃታል፤ ከሊፋ ሰርቋት ይሆናል። ሌላ አስተርጓሚ ሳሎን ውስጥ የለም። ሐድጉ ወደ መጋረጃው ዞረ፣ ደንቡን እንደ ቆርቆሮ ለሁለት አጠፈና ጮኸ።

«ማዕዛ! እንደዚያ ነው ያለው?»

ፀሐይቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከመጋረጃው ኋላ የረጠበ ድምፅ መጣ።

«አዎ አባዬ። እንደዚያ ነው ያለው።»

ሐድጉ ተቀመጠ። ጣሳውን አየ። «ውሰዷት» አለ።

«እንዴ!» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፣ እንደ መቀየም ብለው። ለሙግት የሸመደዱት ተረትና ምሳሌ ሁሉ ሳይነካ ቀረባቸው። «እንዲሁ? በቀላሉ?»

«በቀላሉ አይደለም። መቃብር ላይ እንዳያቆማት፤ ጥግ ጥጉን ትሂድ። በዚያ ሽንት ቤት አትግባ። እነዚያ ወፎች አናት በላይ ካሉ ጃንጥላ ይያዝላት። አሁንም ያስጠላኛል፤ ሁሉም ነገር ያስጠላኛል! ይሄን አንድም ሳታስቀር ንገረው።»

ክላይቭ ከሊፋ እስኪጨርስ አልጠበቀም። ተነስቶ እጁን ዘረጋ። ሐድጉ ያንን እጅ አየው፤ እርግቧን አየ፣ ኩሱን አየ፣ የስምንት መቶ ዓመት አቧራ አየ።

«መጀመሪያ ይታጠብ» አለ።

ፀሐይቱ ማስታጠቢያ ይዛ ስትመጣ ማንቆርቆሪያውን ተቀበላትና ራሱ አፈሰሰለት። ሁለት ጊዜ በሳሙና አስታጠበው። ከዚያ የራሱን እጅ ዘረጋና፣ «በል አንተም አፍስስልኝ» አለው። ይህን ከሊፋ አልተረጎመውም፤ ክላይቭ ግን አፈሰሰ። ጓዳ ውስጥ እልልታው ፈነዳ። ክላይቭ ደስ ብሎት ቀና ሲል አምፖሉን መታው።

እነሱ ተመልሰው ሄዱ። ክላይቭ መሃረቡን ጣሳው ውስጥ ረስቶት ነበር፤ ሐድጉ ሁለት ጊዜ ቀቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ አኖረው።

በማግስቱ የኋለኛውን አሸንዳ አወረደ። አዲሱን ሲሠራ ጎረቤት ሁሉ የመዶሻውን ድምፅ ሰማ፤ ምን እንደሚቀጠቅጥ ግን ያየ የለም። ሰቅሎት ሲወርድ ነው የታየው። በከሊፋ ግቢ በኩል፣ ከቆርቆሮው ጫፍ አንድ ፊት አንገቱን አስግጓል። አፍንጫው ሰፊ፣ ጉንጩ የተነፋ፣ አንድ ዓይኑ ከሌላው ያነሰ፣ ምላሱ እስከ አገጩ የወጣ። ከሊፋ ቁጭ! የበር በያጁ ሚስት እንኳ ከገበያ ስትመለስ «ምን ሆነህ እዚያ ላይ ወጣህ?» ብላ ተቆጣችው።

ነሐሴ ገብቶ ውሃው ሲበረታ የቆርቆሮው ከሊፋ በሥጋ ለባሹ ከሊፋ ደጃፍ ሌት ተቀን ይተፋ ጀመር። ሐድጉ መስኮቱን ከፍቶ የስድብ መዓት ጠበቀ። ከሊፋ ግን ጃንጥላውን ዘርግቶ ከፊቱ ሥር ቆሟል፤ ዙሪያውን የኮንዶሚኒየም ሰዎች ከበውታል።

«ስምንት መቶ ዓመቱ ነው!» ይላል ከሊፋ። «ከእንግሊዝ በመርከብ ነው የመጣው። የአያቴ አያት እዚያ በሄዱ ጊዜ መልካቸውን አይተው ነው የቀረጹት። በጥርስ!»

ሐድጉ አንገቱን በመስኮት አወጣና ትፍ አለ።